ልጁን ማን ይውሰደው? ስለ ተለያዩ ወላጆችና ስለ ትምህርት ቤት በር

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም «ወላጅ አምጣ» የሚለው ነው። ተማሪው ሲያጠፋ፣ ሲያረፍድ፣ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ይህችው ቃል ትነገረዋለች። በእኛ የልጅነት ዘመን ቃሏን የሰማ ተማሪ የሚጨነቀው ስለሚጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ከአባትና ከእናት መርጦ ለመውሰድ ቢያስብም የሚራራለትን ለማግኘት እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ዛሬ ግን ይህችን ቃል ሲሰሙ «የትኛውን?» ብለው ራሳቸውን የሚጠይቁ፣ ጥያቄውም እውነተኛ ጭንቀት የሆነባቸው ሕፃናት በየክፍሉ አሉ። አባታቸው በአንድ ቤት፣ እናታቸው በሌላ ቤት ይኖራሉ። እናቱን ይዞ ቢመጣ አባቱ «ለምን አልተነገረኝም?» ይላል፤ አባቱን ይዞ ቢመጣ እናቱ «እርሱን ጥራ ብሎ ማን አዘዘህ?» ትለዋለች።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ አንድነትና አለመፈታት የምታስተምረውን አንባብያን ያውቁታል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልደግመውም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ባልና ሚስት ከተለያዩ በኋላ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት ልጁን ለማን መስጠት ይገባል? ስለ ልጁስ ትምህርት፣ ጤናና ጠባይ የመስማት መብት ያለው ማን ነው? ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ በር ላይ አንድ ሰው የልጁ ወላጅ ሆኖ ይታወቃል፣ ወይም እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ተቆጥሮ ይመለሳል።

ጥያቄውን በሰፈራችን እንመልከተው። ሳሪስን የሚያውቅ ሰው የደብረ ዘይትን መንገድ ያውቃል። በግራና በቀኙ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተዋል። ወደ ቃሊቲና ከዚያም ወደ ሞጆ የሚወርዱት፣ ከዚያም የሚመጡት ከባድ የጭነት መኪናዎች ፋታ አይሰጡም። በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ደግሞ ዋናውን መንገድ ለሁለት ከፍሎታል፤ ከወዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚማር፣ ከወዲያ ያለ ቤት የሚያድር ልጅ ሁልጊዜ መሻገር አለበት። የአንደኛ ክፍል ሕፃን ይህን መንገድ ብቻውን ሊሻገር አይችልም። ወላጆቹም ብዙ ጊዜ ሰዓት የላቸውም። በፋብሪካ የሚሠራው በፈረቃ ነው፤ በመርካቶ የሚነግደው የሚመለሰው ከመሸ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን አክስት ትመጣለች፣ አንድ ቀን የቤት ሠራተኛዋ፣ አንድ ቀን ጎረቤት፤ ዐቅም ያለው ደግሞ ሰርቪስ ይከፍላል።

ትምህርት ቤቶች የልጁ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ካርድ አዘጋጅተው «ካርድ ያልያዘ ልጅ አይወስድም» የሚል ደንብ ማውጣታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ደንቡ ጥሩ ነው። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ሦስት መቶና አራት መቶ ሕፃናት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲወጡ የእያንዳንዱን አክስትና አጎት መልክ ማስታወስ አይቻለውም። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆቹን ከነባሕርያቸው የሚያውቀው ይኸው ሰው ነው፤ ማን ምሳውን እንደሚረሳ፣ ማን ሁልጊዜ መጨረሻ እንደሚወሰድ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ እርሱ ይነግርሃል። ደመወዙ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ወላጆች ሲጣሉም መጀመሪያ የሚሰደበው እርሱ ነው።

ካርዱ አንድ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ ባልና ሚስት መተባበሪያ ነው፤ ለተለያዩት ግን የጠብ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ልጁን ያስመዘገበው ወላጅ ካርዱን በእጁ ይዟል። ሌላው የለውም፤ ቢጠይቅም «ከአስመዝጋቢው ፈቃድ አምጣ» ይባላል። አንድ አባት እንዲህ ሲል አጫውቶኛል፤ «አባ፣ ዐርብ ዐርብ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከበሩ ማዶ እቆማለሁ። ልጄ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። እጁን ያነሣልኛል። ከዚያ የእናቱ እኅት ይዛው ትሄዳለች።» ይህን አባት ፍርድ ቤት አልከለከለውም። የከለከለው ደንቡ ነው፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ስለ እርሱ አንድም ጊዜ አላሰቡም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር፤ ልጆችም ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ 5 ዓመታቸው ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አደረገ። በአንቀጽ 113 እንደተደነገገው ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ሲያፈርስ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚገናኙበት ሁኔታ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። ሁኔታዎች ሲለወጡም ውሳኔውን እንደገና ሊያየው ይችላል።

ሽማግሎቹ ከዳኝነት ወንበር መነሣታቸው ብዙ መልካም ነገር አስገኝቷል፤ በተለይ ለሴቶች። ያም ሆኖ አንድ ነገር ቀርቷል። የሰፈሩ ሽማግሌ ልጁ የት እንደሚማር፣ አያቱ የት እንደምትኖር፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣው ያውቅ ነበር። የፍርድ ቤት ውሳኔ ግን ብዙውን ጊዜ «ልጁ ከእናቱ ጋር ይኑር፤ አባት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ይጎብኝ» ይልና ያበቃል። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ልጁን ከበሩ ማን ይረከበዋል? የፈተና ውጤት ለማን ይላካል? ልጁ ክፍል ውስጥ ቢታመም ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? ወረቀቱ ዝም ይላል። ወረቀቱ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ሳያውቀው ዳኛ ይሆናል።

ቃሉም ራሱ ያደናግራል። ሕጉ ለልጁ አካል የሚያስበውን «አሳዳሪ»፣ ለንብረቱና ለጉዳዩ የሚቆመውን «ሞግዚት» ብሎ ይጠራል። በሰፈራችን ሞግዚት ማለት ሕፃን የምትጠብቅ ተቀጣሪ ሴት ናት። አንድ ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሞ «ሞግዚቱ እኔ ነኝ» ቢል ጥበቃው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ውሳኔ ገና ያልተሰጠበት ጊዜ ነው። ባልና ሚስት ተለያይተዋል፤ ክሱ ተጀምሯል ወይም ገና አልተጀመረም። ሰኞ ጠዋት እናት ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ትገባና «ከዛሬ ጀምሮ አባቱ ቢመጣ እንዳትሰጡት» ትላለች። ታለቅሳለችም። ምን ይደረግ?

የሚቀናው ነገር እርስዋን ማመን ነው። የመጣችው እርስዋ ናት፣ የምታለቅሰው እርስዋ ናት፣ አባትየው በቦታው የለም። ነገር ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ በፍርድ ቤትም ሆነ በሽማግሌ ፊት፣ ከዚያም በላይ በእግዚአብሔር ፊት ፍርድ አይባልም። የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 219 አባትና እናት ጋብቻቸው ጸንቶ ሳለ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት በአንድነት መሆናቸውን ይናገራል። እንግዲህ ማንኛውም ወላጅ በሌላው ቃል ብቻ ከወላጅነት ወደ ባዕድነት አይለወጥም። ነገ አባትየው ቀድሞ ቢመጣና «እናቱ ብትመጣ እንዳትሰጧት» ቢል ትምህርት ቤቱ ምን ሊል ነው? ቀድሞ የደረሰ ይፈረድለታል ማለት ነውን?

በሌላ በኩል ደግሞ የዚህች እናት ቃል ብቸኛው የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሆን ይችላል። ሰው ከቤቱ ውስጥ የደረሰበትን ሁሉ ማስረጃ ይዞ አይመጣም። የተደበደበች ሴት የሐኪም ወረቀት እስክታመጣ ድረስ አትታመንም ማለት ጭካኔ ነው፤ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ ከደረሰ በኋላ በይቅርታ አይመለስም። ስለዚህ «ወረቀት ከሌለሽ አንሰማሽም» የሚለው መልስ ሕጋዊ ቢመስልም ክርስቲያናዊ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ማድረግ የሚገባው በሩን ዘግቶ፣ ስልኩን አስቀምጦ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ቀለብ አይሰጥም»፣ «ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀምሯል»፣ «ቤተሰቡ ይንቀኛል» ብትል፣ ቁጣዋ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ኀዘኗም ሊደመጥ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ ልጅን ከአባት ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። «ይዤው ጠፍቼ አታገኚውም ብሎ ዝቷል»፣ «ልጁን መትቶት ያውቃል»፣ «ጠጥቶ ይመጣል» ብትል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ልጁን ለዚያ ቀን በግቢው ውስጥ ማቆየት፣ ሁለቱንም መጥራት፣ እናትየውንም ወደ ፖሊስ፣ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤትም መምራት ይገባል። ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብለት ስለ ልጆች አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን አለውና። ይህ ማቆየት የቀናት እንጂ የወራት መሆን የለበትም። ለአንድ ቀን በጥንቃቄ የተደረገ ነገር ማንም ሳይወስነው ዓመቱን ሙሉ ሲቀጥል ያን ጊዜ ግፍ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ እናያለን።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ምሳሌ ይመጣብኛል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ታላቅ የነገረ መለኮት ድርሳኑ ስለ ሕግ ሲያስተምር ምሳሌውን የወሰደው ከበር ነው። አንዲት ከተማ በጠላት ተከባለች እንበል ይላል። የከተማይቱ በሮች እንዲዘጉ ታዝዟል፤ ትእዛዙም ለሁሉ ደኅንነት የተሰጠ ነው። ነገር ግን የከተማይቱ ጠባቂዎች የሆኑ ዜጎች ጠላት እያሳደዳቸው ወደ በሩ ቢደርሱስ? በሩን ዘግቶ እነርሱን ማስጨረስ ሕጉ የተሰጠበትን ዓላማ ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ ከሕጉ ፊደል ወጥቶ በሩን መክፈት ይገባል። ይህን የፍትሕ ማሟያ ከእርሱ በፊት ፈላስፋው አርስጣጣሊስ አስተምሮታል፤ የእኛ የሕግ ሰዎች «ርትዕ» ይሉታል።

ብዙዎች ምሳሌውን እስከዚህ ድረስ ብቻ ይነግሩና ያቆማሉ። ቅዱስ ቶማስ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይበልጡን ይህ ነው። አደጋው ድንገተኛ ካልሆነ፣ አለቃውን ለመጠየቅ ጊዜ ካለ፣ ሕጉ በዚህ ላይ ይሠራል አይሠራም ብሎ መወሰን የማንኛውም ሰው ሥራ አይደለም፤ ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች ሥራ ነው። ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ በር ጠባቂ ለራሱ ርኅራኄ እየታዘዘ የሚከፍትና የሚዘጋ ከሆነ ከተማዋ በር የላትም።

እንግዲህ ከበሩ ማዶ ለቆመው አባት ማዘን ለጥበቃው የተተወ ነገር ሊሆን አይገባም። ጥበቃው አዝኖ ቢከፍትለትና ልጁ ቢጠፋ የሚታሰረው ጥበቃው ነው፤ ባይከፍትለት ደግሞ ጨካኝ የሚባለው እርሱ ነው። ምሕረቱ መደረግ ያለበት አስቀድሞ፣ በቢሮ ውስጥ፣ ጊዜና ሥልጣን ባላቸው ሰዎች ነው። በር ላይ ጽኑ መሆን የሚቻለው በቢሮ ውስጥ ሰውን የማዳመጥ ልማድ ካለ ነው። ቢሮው ማንንም ሳያዳምጥ በሩ ብቻ ሲጸና ግን ደንቡ የወላጅን ልብ የሚሰብር ግንብ ይሆናል።

ከዚህም ጋር ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ አድርገው የሚያዩአቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ልጁን መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ልጁ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖር ሲወስን አባቱ ማክሰኞ ዕለት መጥቶ እንዳይወስደው ወስኖ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ልጁ በሒሳብ እንደ ደከመ፣ ዐይኑ ሰሌዳ ማየት እንዳስቸገረው፣ ከጓደኛው ጋር እንደ ተጣላ አባቱ አይወቅ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ጸንቶ ሥራ ላይ ሲውል በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱንም እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው አስፍሯል፤ የመንግሥትም ሆነ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶችም ስለ ሕፃናት በሚወስዱት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ አዝዟል። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ሕፃን ለደኅንነቱ የማይበጅ ካልሆነ በቀር ከሁለቱም ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ልብ እንበል፤ መብቱ በመጀመሪያ የተሰጠው ለሕፃኑ ነው። ለአባትየው መረጃ የምንነፍገው ለእናትየው ለማድላት ብለን ሊሆን ይችላል፤ የምናጎድለው ግን የልጁን ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ነገር ዝም አላለችም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1154፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 865፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ለልጆች አስተዳደግና ትምህርት ምንጊዜም ተገቢው ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዝዛሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር የተለያዩ ወላጆች ልጃቸውን እርስ በርስ መያዣ እንዳያደርጉት አጥብቀው ለምነዋል። ወላጆችን እንዲህ የምንመክር ከሆነ፣ ትምህርት ቤቶቻችንም የመያዣው ጠባቂ ሆነው እንዳይገኙ መጠንቀቅ አለብን።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሚዛኑ ገንዘብ ይሆናል። ወርኃዊ ክፍያውን የሚከፍለው ማን ነው? እርሱ ይሰማል፣ እርሱ ይጠራል፣ መልእክትም ለእርሱ ይላካል። ከፋይነት ግን ወላጅነት አይደለም። ከፋዩ አባት ስለሆነ የልጅዋን ውጤት ከጎረቤት የምትሰማ እናት አለች፤ ከፋይዋ እናት ስለሆነች የመዋዕለ ሕፃናቱን ምርቃት ፎቶግራፉን አይቶ ያወቀ አባት አለ። (ስለዚያ የሕፃናት ካባና ቆብ ወጪ ሌላ ጊዜ መነጋገር ይገባን ነበር።) «ሁለት ዓመት ጠፍቶ ለምርቃት ብቻ የሚመጣ አባት ምን መብት አለው?» የሚል ይኖራል። ስለ እርሱ መብት መከራከር አልፈልግም። ያ ሕፃን ግን ቆቡን አጥልቆ ከመድረኩ ላይ ሆኖ በወንበሮቹ መካከል የሚፈልገውን ሰው ያውቀዋል።

በተለያዩ ቤቶች መካከል የሚደረገው ግንኙነት በልጁ አፍ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው። «ለአባትህ የመጻሕፍቱን ገንዘብ ይላክ በለው።» «ለእናትሽ ቅዳሜ አልመጣም በያት።» የ8 ዓመት ሕፃን እንዲህ ያለውን መልእክት ሲያደርስ የሚደርስበትን የፊት መለዋወጥና የቁጣ ቃል ሁሉ የሚቀበለው እርሱ ነው። ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ መልእክቱን መደበቅ ወይም ማለዛዘብ ይለምዳል፤ ከዚያም «ውሸታም ሆነ» ተብሎ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ትምህርት ቤቱ በዚህ ላይ የራሱን ሸክም መጨመር የለበትም። ለሁለት ወላጆች የሚደርስ ወረቀት በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነም ለሁለቱም ስልክ ይላክ። የሚጠይቀው ድካም ይህን ያህል ብቻ ነው።

ካቴኪስቶች ልጆችን ስለ መቁጠሪያ ጸሎት ሲያስተምሩ አምስተኛውን የደስታ ምሥጢር ያስታውሱ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው፣ ጌታችን በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሲቀር እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ አብሮአቸው ከሚጓዘው ሕዝብ ጋር ያለ መስሎአቸው አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ። ያገኙት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በቅዱሱ ቤተሰብ እንኳ «ከእነርሱ ጋር ይሆናል» የሚል ግምት ልጅን አሳጥቷል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እመቤታችን ልጅዋን ስታገኘው የተናገረችበት አኳኋን ነው። የራስዋን ጭንቀት ብቻ አላቀረበችም፤ የዮሴፍንም ጭንቀት ከእርስዋ ጋር አድርጋ፣ እንዲያውም እርሱን አስቀድማ ተናገረች። በዮሴፍ አላሳበበችም። የተለያዩ ወላጆች አንድ ቤት ውስጥ መኖር ባይቻላቸው፣ በልጃቸው ፊት እንዲህ አድርጎ መናገር ግን ይቻላቸዋል።

በሳሪስና በአካባቢው ሌላም ዓይነት መለያየት አለ። እናት ለሥራ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዱባይ ሄዳለች፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ነው፤ አባት ደግሞ ሌላ ቤት መሥርቶ ወደ ገላን ወጥቷል። ገንዘቡን የምትልከው እናት ናት፣ ካርዱን የምትይዘው አያት ናት፣ በቅርብ ያለው ወላጅ አባት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማን «ወላጅ» ይባላል? እናትየው በዓመት አንድ ጊዜ በኢሞ ከመምህሩ ጋር አሥር ደቂቃ መነጋገር ብትችል፣ ለልጁ ከምትልከው ጫማ የበለጠ ስጦታ ይሆንለታል። ይህን የሚያደርጉ መምህራን አሉ፤ በገዛ ስልካቸውና በገዛ ካርዳቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ለአንድ ዓይነት ወላጅ አይሠራም። ፍርድ ቤት በግልጽ የከለከለው፣ ልጁን ወይም እናቱን የጎዳ ሰው ካለ፣ ትምህርት ቤቱ በመካከል ቆሞ «እኔ ለሁለቱም እኩል ነኝ» ማለት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው መንገር የሚገባው የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የሚፈቅደውን ብቻ ነው። የልጁ አዲስ ሰፈር፣ የሰርቪሱ ቁጥር፣ የእናቱ የሥራ ቦታ በደግነት ስም እንኳ ከአፍ ማምለጥ የለበትም። ካህንም ብሆን፣ እንዲህ ያለ ሰው «አባ፣ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ልጄን ብቻ ልየው» ቢለኝ፣ ንስሐው እውነተኛ ከሆነ መንገዱ በፍርድ ቤት በኩል እንደሆነ እነግረዋለሁ እንጂ ለጥበቃው ደብዳቤ አልጽፍለትም።

ለካቴኪስቶች ሁለት ቃል ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ለተፋታ ወላጅ አክብሮት ማሳየት ፍቺን ማጽደቅ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጅ ልጅን አባት «እናቱ ብቻ ትምጣ» ብሎ መመለስ ስለ ጋብቻ ቅድስና ምንም አያስተምረውም። እንዲሁም ጋብቻቸው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ከመጀመሪያው ያልጸና ነበር ተብሎ የተወሰነባቸው ወላጆች «ታዲያ ልጆቻችን ምን ሊባሉ ነው?» ብለው ሲጨነቁ ይሰማል፤ ውሳኔው የልጆቹን ክብርም ሆነ ሕጋዊነት አይነካም፤ ይህም በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቶችን ስንመክር የራሳችንን ግቢ እንመልከት። ቅዳሜ ከትምህርተ ክርስቶስ በኋላ ሕፃናት ከቁምስና ግቢ ሲወጡ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። የስም መዝገብ ይዞ በር ላይ የሚቆም አንድ ወጣት ማግኘት አይከብድም።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሲደርስ ርእሳነ መምህራን አንድ ሥራ ቢሠሩ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጠብ ይቀራል። የመመዝገቢያው ቅጽ ለአባትና ለእናት የየራሱ መስመር፣ የየራሱ አድራሻና ስልክ ይኑረው፤ «አሳዳጊ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አይበቃም። ወላጆች የተለያዩ ከሆኑ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭ ይጠየቅ፤ ውሳኔው ሊለወጥ ስለሚችል በየዓመቱ ይታደስ። ውሳኔ ከሌለ ሁለቱም ቀርበው ማን በየትኛው ቀን እንደሚወስድ ተስማምተው ይፈርሙ፤ አብረው መቅረብ ካልቻሉም ለየብቻ ይምጡ። ጥበቃውም ይህን በአጭር ዝርዝር በእጁ ይያዝ፤ የሚከራከረው ቢመጣ «ቢሮ ይግቡ» የሚል አንድ መልስ ብቻ ይኑረው።

አንዳንዶቹ ግን ለመስማማት ፊት ለፊት መተያየት እንኳ አይሹም። ለእነርሱ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የሚያምኑት፣ ካርዱን ሊይዝ የሚችል። አያት ብትሆን የአንዱ ወገን ናት ተብላ ትጠረጠራለች። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ግን በጥምቀት ዕለት በሁለቱም ፈቃድ የተመረጡ ናቸው፤ ልጁን በእምነት ለማሳደግ ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ለልደት በዓል ዳቦ ከመቁረስ በቀር ሌላ ነገር ተጠይቀው አያውቁም። በቁምስናችን ከተለያዩ ወላጆች ጋር ስነጋገር አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው «የክርስትና እናቱ የት ትኖራለች?» ብዬ ነው። አንዳንዴ መልሱ «እዚሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» የሚል ይሆናል።